ከማንዳዚ ፈንድሻ ይሻልሃል

አሰግድ፣

ወደ ሶሎሎ የሚወስደኝ መኪና በር ላይ ክላክስ እያደረገብኝ ነው። እስከ ሐሙስ አልመለስም።

ስኳርህን የለካችው ነርስ ቅባትና ጣፋጭ ቀንስ ብላሃለች። አንተ ግን ጾም ነው እያልክ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆይና አምስት በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ማንዳዚ ትውጣለህ። ጾሙ ሥጋና ወተት ተው አለህ እንጂ ዘይት ውስጥ ዋኝ አላለህም! ልትከራከር ከፈለግክ ከወረቀቱ ጀርባ ጻፍ።

ስለዚህ ፈንድሻ ብላ። በቆሎው ሰማያዊው ጣሳ ውስጥ ነው። የከረጢቱን እንዳትነካ፤ እሱ ከቦሎቄ ጋር ለጊዘሪ የምንቀቅለው ነው። ባለፈው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቆመህ ጠበቅከው፣ አልፈነዳም፣ መቼም አይፈነዳም።

ድስቱን ከሰሉ ላይ ጣድና አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምር። አንድ! ሦስት ፍሬ ጣልበት፤ እነሱ ሲፈነዱ የቀረውን ጨምረህ ክደነው። እንዳያርርብህ ድስቱን እየነቀነቅክ ቆይ፣ ድምፁ ሲቀንስ አውርደው። ጨው ቆንጠር አድርግበት። ስኳሩን ደብቄዋለሁ፣ አትድከም።

ትናንት ስለ ሆድህ የተናገርኩት ሐሰት አይደለም። ሻሮ ፊት መናገሬ ግን...

ዓይንህን ከማትነቅልባት ሴት ፊት!

ዛሬ ጠዋት ሱቋ ሄጄ "ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኳት።
"ታዲያ ለእኔ ምን ታወራለህ? ለእሱ አትነግረውም?" ብላ ሳቀችብኝ።

ይኸው ነገርኩህ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትመጣለች። እሷ ሳትደርስ ድስቱን እንዳትጥድ፤ ሲፈነዳ አብራችሁ ስሙት።

ያዕቆብ