አበባህ ቦታ ቀይራለች

ውድ ወንድምዓለም፣

ይህን የምጽፍልህ ሳሎን ቁጭ ብዬ ነው። ቁጭ ብዬ ማለቴ እንኳ ውሸት ነው፤ በየመስመሩ እየተነሣሁ አኳሪየምህን፣ ያንን የዓሣ መስታወትህን አያለሁ። ስለ ጤንነትህ በያጁ ጓደኛህ ነግሮናል። መርከብ መጠገኛው በር ላይ አግኝቶህ ነበር። "አለ፣ ይሠራል፣ ትንሽ ከስቷል" አለን፤ አድራሻህንም የሰጠኝ እሱ ነው። እኔ አመንኩት፣ እማዬ ግን አላመነችውም። እሷ የምታምነው አበባህን ብቻ ነው።

ከሄድክ ጀምሮ ጠዋት ተነሥታ ፊቷን ሳትታጠብ መስታወቱ ፊት ትቆማለች። የባሕር አበባዋ ጣቶቿን ዘርግታ ስትወዛወዝ ካየች "ልጄ ደህና አድሯል" ትልና ወደ ጓዳ ትገባለች። አበባ ሳትሆን እንስሳ እንደሆነች፣ እግር እንዳላት፣ እንደምትበላ ደጋግሜ ነገርኳት። "እንስሳ ከሆነችማ ይበልጥ ታውቃለች" አለችኝ። ምን ልበላት?

ስለዚህ አበባዋ መኮማተር ስትጀምር በየደቂቃው እየተነሣሁ አያት ጀመር። መጀመሪያ አነሰች። ቀጥሎ አፏ ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ አንተ ካስቀመጥክባት ድንጋይ ላይ ለቅቃ መሄድ ጀመረች። አንተ ትራመዳለች ስትለኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሥራ ስሄድ ድንጋዩ ላይ ትቼአት፣ ስመለስ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ አገኛታለሁ። በማግስቱ አሸዋው ላይ ወድቃለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ውሃውን ወደሚያዘዋውረው ፓምፕ ማምራቷ ነበር። ፓምፑ ከሳባት እንደምትከተፍና መርዟ ዓሣዎቹን ሁሉ እንደሚጨርስ አስጠንቅቀኸኛል። የፓምፑን አፍ በስፖንጅ ጠቅልዬ በክር አሰርኩት። ሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ሐሳቤ ያ ክር ላይ ነበር።

ደግሞ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። መብራቱን ከፍ አደረግኩ፣ ዝቅ አደረግኩ። የፓምፑን ፊት አዞርኩ። የሽሪምፕ ሥጋ ሰጠኋት፣ ተፋችው። እሷ ስትሄድ እኔ እነካካለሁ፣ እኔ ስነካካ እሷ ትሄዳለች። ሁለታችንም ማረፊያ አጣን።

በመጨረሻ እማዬ እንዳታይ መስታወቱ ላይ ፎጣ ሰቀልኩ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለችኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "ብርሃን በዝቶባቸዋል፣ ይረፉ ብሎኝ ነው ዓሣ ሻጩ" አልኳት።

"አበባዋስ?"

"ምን ትሆናለች፤ ደህና ናት።"

"ተመስገን" ብላ ሄደች።

ለምን እንደዋሸሁ አይጠፋህም። እጮኛህ ቀለበትህን መልሳልህ ከሄደች በኋላ ከዚህ መስታወት ፊት አልነሣ ብለህ ነበር። እማዬም ራት ላይ፣ "ከሰው ይልቅ ከዓሣ ጋር የሚኖር! ልጅቷስ ብትሄድ ምን ይፈረድባታል" ስትልህ እኔ ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር። ማንኪያህን አስቀምጠህ ተነሣህ። እሷ ቃሏን አልመለሰችም፣ አንተም አልተናገርክም፣ እኔም ሳህኑን ይዤ ገባሁ። "ዝም አይነቅዝም" እየተባልን አይደል ያደግነው? ብዙም ሳትቆይ ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ፤ መደወሉንም ተውከው። እማዬ ያቺን ቃል ስታብሰለስል እንደምትውል አውቃለሁ። አበባዋ ብትሞት "ልጄን በአፌ ገደልኩት" ማለቷ አይቀርም ነበር። የፈራሁት እሱን ነው።

ያዳነን ሾርባ ነው ብልህ ትስቃለህ። ለሕሙማኑ የጣድኩትን ሾርባ በሐሳብ ጠፍቼ እሳት ላይ ረሳሁት፤ ተንኖ ተንኖ ጎደለ። የወጥ ቤት ኃላፊያችን ቀመሰችና ፊቷን አጨፈገገች።

"ጨው ሆኗል። ውሃ ጨምሪበት።"

"ኧረ እኔ ጨው አልደገምኩም" አልኳት።

"መች ደገምሽ አልኩሽ? የሄደው ውሃው ነው። ጨው የት ይሄዳል?"

ጭልፋዬን እንደያዝኩ የአበባህ ውሃ ትዝ አለኝ። "ውሃው ሲጎድል ሙዪው" ነበር ያልከኝ፤ በምን እንደምሞላው ግን አልነገርከኝም። የባሕር ውሃ ሲጎድል በባሕር ውሃ ነው ብዬ፣ በጥብጠህ ከተውክልኝ የጨው ውሃ እየቀዳሁ ስሞላው ከርሜአለሁ። ውሃው ይተናል፣ ጨው በጨው ላይ ይደራረባል። እንጀራዬ ሾርባ መሥራት የሆነ ሴትዮ! አንተም ግን አለህበት። ግማሹን ነግረህ ግማሹን "መቼም ታውቀዋለች" ብለህ መዋጥ ልማድህ ነው። የቤታችን ልማድ ነው።

ዓሣ ሻጩን ጠራሁት፤ የጨው መለኪያውን ይዞ መጣና ውሃውን ሲለካ አፏጨ። "ቸኩለሽ ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ በአንዴ ብትገለብጪባት ያኔውኑ ትሞታለች" አለኝ። "ጥቂት ጥቂት እያልሽ ጨምሪ። ከዚያ እጅሽን ሰብስበሽ ተቀመጪ።"

"እጅ መሰብሰብ አልፈጠረብኝም።"

"እንግዲያው ኪስሽ ውስጥ ክተቺው" ብሎኝ ሄደ።

ፎጣውን ገልጬ የመጀመሪያዋን ኩባያ ሳንቆረቁር ከኋላዬ የእማዬን ትንፋሽ ሰማሁ። የእንጨት ማንኪያ ይዛ ቆማለች።

"ፎጣው ከተሰቀለ ጀምሮ አውቄአለሁ" አለች። "ደህና ነገር አይሸፈንም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንቺ እንዳትጨነቂ ነዋ።"

"እኔስ ፎጣ የሰቀልኩት አንቺ እንዳትጨነቂ አይደል?"

ተያየን። ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ነገር መጣብን። ከዚያ ማንኪያዋን ከፍ አድርጋ፣ "ትንሽ ላቃናት?" አለችኝ።

"እግሯ ይቀደዳል እማዬ። በግድ አትነሣም።"

"እንደ ልጄ ናታ" አለችና ማንኪያውን መለሰች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አታንሣብኝ። እኔ ጠዋት ጠዋት ውሃ አንቆረቁራለሁ፣ እማዬ ቀን ቀን ስፖንጁን ትጠብቃለች። አንድ ቀን ወጥ ቤት ደወለችልኝ፤ "ፓምፑ ጋ ደርሳለች" ብቻ አለችኝ። አስፈቅጄ እየሮጥኩ መጣሁ። ስደርስ ግን ፓምፑም ጋ የለች፣ አሸዋውም ላይ የለች፣ የትም የለች። ውሃው ሸቶ እንደሆነ ብዬ አፍንጫዬን ደፍቼ አሸተትኩ። ብርቱካንማዎቹ ዓሣዎችም ጠፍተዋል። በቃ አለቀልን አልኩ።

"ነይ እስቲ በዚህ በኩል እዪ" አለችኝ እማዬ ከመተላለፊያው።

ጎንበስ ብዬ በጎን በኩል ባለው መስታወት አየሁ። ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ፣ ስንጥቁ ውስጥ እግሯን ተክላ፣ ጣቶቿን ዘርግታ ተቀምጣለች። ዓሣዎቹ መሐሏ ገብተው ይንከባለላሉ። ከሳሎን በኩል ግን ድንጋይ እንጂ ምንም አይታይም። ድንጋዩን ላዞረው እጄን ስሰድ እማዬ ያዘችኝ። "ተያት። ፈልጋ ያገኘችው ቦታ ነው" አለች። ወንበሯንም አንሥታ መተላለፊያው ላይ አኖረች። ይኸው እስከ ዛሬ በወጣን በገባን ቁጥር እንደናቀፋታለን።

አሁን የውሃዋ ጨው ተስተካክሏል፣ ትበላለች፣ ወፍራለች። እኔ ግን አሁንም ዕረፍት የለኝም፤ ምክንያቱን ልንገርህ። ትናንት እማዬ ከወንበሯ ላይ ሆና ለረጅም ጊዜ ስታያት ቆየችና፣ "ለካ ይቺ የምትነግረኝ ስለ ራሷ ብቻ ኖሯል" አለችኝ። "የጨነቃት ጨው በዝቶባት ነው፣ ዛሬ ደስ ያላት ቦታ አግኝታ ነው። ልጄ እንዴት እንደሆነ በምን አውቄ ኖሯል?"

ዛሬ ጠዋት አበባዋን አየቻት፤ "ደህና አድሯል" ግን አላለችም።

ና ብዬ አልጎትትህም። ያለህበት ተስማምቶህ ከሆነ እዚያው እግርህን ትከል፣ ደስ ይለኛል። ግን አበባህ ከእንግዲህ ስለ አንተ አትናገርልንም፤ አፍ ያለህ አንተ ነህ። ምን ልጨምርልሽ ብዬ እማዬን ብጠይቃት እንዲህ አለች፦

"ያን ቀን ያልኩትን መልሼዋለሁ በይው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ያሳደግኋችሁም እኔው ነኝ፤ ይነቅዛል ብላለች በይው።"

ስልኩን ወንበሯ አጠገብ አኑሬዋለሁ። ስትደውል የምታነሣው እሷ ናት።

ዓይኗን ከመስታወቱ መንቀል ያቃታት፣
እህትህ