የሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ ነገር

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ጤናህስ? ወገብህ ቀና አለልህ? እናቴስ ጉልበቷ እንዴት ሆነ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ እጄ ብቻ በሳሙና ብዛት ተላልጧል።

ሚጢ የጻፈችልኝ ነገር ግን አንጀቴን በላው። ዓይንህ ከደከመ ወዲህ ሊማሩ የሚመጡትን የሰፈር ልጆች ከበር ትመልሳለህ አሉ። «ሂሳብ የዓይን ሥራ ነው፤ የእኔ አበቃ» ብለሃል አሉ። ኧረ አባዬ! አርባ ዓመት ጠመኔ ጨብጠህ እንዲህ ይባላል? ተናድጄብሃለሁና ስማኝ። ሚጢዬ እህቴ፣ አንቺም ምንም ሳታስቀሪ ጮክ ብለሽ አንብቢለት።

ስትሸኘኝ በር ላይ የሰጠኸኝን ቁጥር ታስታውሳለህ? ሌላው አባት ልጁን መርቆ ይሸኛል፤ አንተ ምርቃቱ ላይ ቁጥር ጨመርክልኝ። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድና አሥራ ሦስት ተባዝተው አንድ ሲደመርባቸው ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ ይሆናሉ። «ለስድስቱ ለማናቸውም ብታካፍይው አንድ ይተርፋል። እንዳንቺው ግትር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም የማይካፈል ብቸኛ ቁጥር» አልከኝ። አመንኩህ፤ አንተን ያላመንኩ ማንን ላምን!

እዚህ የሆስፒታል አንሶላ እናጥባለን። አንድ ጊዜ ቀለም ፈሶ አንሶላ ስላበላሸ እስክሪብቶ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ አለቃችን ኪሳችንን በር ላይ ታስፈትሸናለች። እኔም አንሶላ እያጠፍኩ ቁጥርህን በቃሌ ማካፈል ጀመርኩ፤ በቀን ለአንድ ብቸኛ ቁጥር። ለአሥራ ሰባት ሳካፍለው ዘጠኝ ተረፈ። በማግስቱ ለአሥራ ዘጠኝ፤ አሥራ አንድ ተረፈ። አርባ ሰባት ላይ ሁለት ብቻ ጎደለኝ፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። አብራኝ የምታጥፈው ሴትዮ ከማን ጋር ነው የምታወሪው ብትለኝ ከአባቴ ጋር አልኳት። እውነቴን ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ተራው የሃምሳ ዘጠኝ ሆነ። አካፈልኩ፤ ምንም አልተረፈም! ደገምኩት፤ ምንም። አንሶላው ከእጄ ወደቀ። አባዬ፣ ተሳስተሃል! ከስድስቱ ስላመለጠ ከሁሉም ያመለጠ መስሎን ነበር፤ ለካ ሃምሳ ዘጠኝን በሆዱ ይዞ ኖሯል። እንዴት ያለ ጉደኛ ቁጥር ነው! ለሰው ሁሉ ባወራው ደስ ባለኝ፣ ግን ካንተ በቀር ማን ይገባዋል? መንገዱንም ያሳየኸኝ አንተው ነህ፤ መቶ ሰባ አራት በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን ስለሚያልፍ እስከ መቶ ሰባ ሦስት ብቻ መፈለግ እንደሚበቃኝ አውቅ ነበር። እና ያን ሁሉ ስሠራ ዓይኔ የት ነበር? አንሶላው ላይ።

ሃምሳ ዘጠኝ ስንት ጊዜ እንደሚገባበት ግን አልነግርህም። ቁጭ በልና በቃልህ ድረስበት።

እናቴን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ወንድሜን፣ በሩ ሲንኳኳ አባባ ተኝቷል ማለቱን እንዲተው ንገሩልኝ። ሚጢዬ፣ አንቺን ጉንጭሽን እስምሻለሁ፤ ስልክሽ ላይ አካፍለሽ ብትነግሪው ግን ወየውልሽ፤ ጽፈሽም እንዳትልኪልኝ። መልሱን የምቀበለው ከበር ከመለስካቸው ልጆች በአንዱ እጅ ተጽፎ ሲመጣ ብቻ ነው፣ አባዬ።

ግትሯ ልጅህ
ከልብስ ማጠቢያው ቤት፣ መጋቢት 13 ቀን