ብርቄ የተወለደችበት ቀን

ሰኞ

ብርቄ ዛሬም ጠየቀችኝ። «እማዬ፣ እኔ መቼ ነው የተወለድሁ?» ጓደኞቿ ሁሉ ቀናቸውን ያውቃሉ አሉ። ምን ልበላት? ድንበር ልንሻገር ስንሸሽ ማሽላ ውስጥ ወለድኋት። ቀን ማን ቆጠረ! አባቷ አስማማው ቢኖር ያውቅ ነበር። እሱ ደግሞ «እናቴን ላምጣ» ብሎ ከስደተኛ መጠለያው፣ ከመንደር 8፣ ወደ አገር ቤት ተመለሰ፤ በዚያው ቀረ። ስልኩን ብቻ ትቶልኛል።

ማክሰኞ

ስልኩን ሥራ ቦታ ወሰድሁት። ሩቅያ አሠሪዬ ናት፤ እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ ገበያው ውስጥ ፎቶ ማተሚያ ያላት። «ፎቶ እኮ የተነሳበትን ቀን ውስጡ ይይዛል» አለችኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍታ ጻፈች። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የስልኩ ዓይነት ተዘረዘረ። ብርቄ በተወለደች ለት አባቷ ያነሳት ፎቶ፣ በሻሼ ተጠቅልላ፣ ተገኘ። ቀኑ ግን እኔና አስማማው ገና ሳንተዋወቅ የነበረ ዘመን ነው! «ያ ሰላም!» አለች ሩቅያ ተገርማ። ትዝ አለኝ፤ በሽሽቱ ስልኩ ወድቆ ባትሪው ወጥቶ ነበር። ሰዓቱ ያኔ ወደ ኋላ ተመልሷል።

ተስፋ ቆርጬ ገባሁ።

ረቡዕ

መላ ተገኘ! የገና ለት መንደር 8 የተነሳነው ፎቶ አለ። የገና ቀን መቼም አይጠፋም። በዚያ ፎቶ ላይ ስልኩ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረ ካወቅን፣ ሌሎቹንም በዚያው ልክ ወደፊት መግፋት ነው። ሩቅያ መጀመሪያ የፎቶዎቹን ቅጂ አስቀመጠች። «አንቺ ጻፊው፤ ፎቶው ያንቺ ነው» አለችኝ። አንድ ምልክት ዘልዬ ኮምፒውተሩ ስሕተት ነው አለኝ። ደገምሁ። «ኸላስ! አለቀ» አለች።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት። ልጄ የኅዳር ሚካኤል ማግስት ተወለደች።

ቤት ገብቼ ነገርኋት። ዘለለች። «አባዬ ያውቃል?»

«እሱ አይደል ያነሳሽ» አልኋት።

ሐሙስ

የተስተካከሉትን ፎቶዎች በቀን ተራ ደረደርኋቸው። መጨረሻው ላይ እኔ ነኝ፤ ነጠላዬን እስካገጬ ተከናንቤ ተኝቻለሁ። ስልኩ ላይ ሁልጊዜ ካገር ቤቶቹ ፎቶዎች አጠገብ ስለማየው እዚያ ያነሳኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ የአስተርእዮ ማርያም ለት ነው፤ ጎሕ ሲቀድ። እናቱን ሊያመጣ የሄደ ለት።

ስነቃ ስልኩ ከራስጌዬ ነበር፤ እሱ የለም። ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ ሄደ እያልሁ ስንቱን ሌሊት አኩርፌዋለሁ። አይቶኛል። ብርሃን እስኪመጣም ጠብቋል መሰለኝ፤ ፊቴ ጥርት ብሎ ይታያል።

ሩቅያ «ላትምልሽ?» አለችኝ። ዛሬ አይሆንም አልኋት።

ምናለ ብትቀሰቅሰኝ፣ አስማማው።