ብረት በልን የገደልንበት ከሰዓት

ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሃል? ያ የጉልበትህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ ደረጃ በወጣህ ቁጥር አሁንም ሽማግሌ ያስመስልሃል? እማማስ እንዴት ናት? ዓይኗን ታየች ወይስ እንደ ልማዷ «ለቀረኝ ዕድሜ ይበቃኛል» ብላ ሐኪሙን ሸወደችው? ባለቤትህስ? መንታዎቹስ ጥርስ አወጡ? እኔ ደህና ነኝ። ብርዱንም ሥራውንም ለምጄዋለሁ፤ አልለመድ ያለኝ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው።

ዛሬ ግን ስለ ናፍቆት አልጽፍልህም። ጋሼ፣ ብረት በልን ገደልነው! አዎ፣ ያንኑ፣ የእኔና የአንተን ብረት በል! ይኸው ሳምንት አለፈው፣ ሳስበው አሁንም ከወንበሬ ያዘልለኛል። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ቢመስልህ ለዚህ ነው። ተቀመጥና ከሥሩ ላጫውትህ።

የምሠራበትን የኮምፒውተር ጥገና ቤት ነግሬሃለሁ። አራት ወር ሙሉ ሥራዬ የማራገቢያ አቧራ በብሩሽ መጥረግና ብሎን በየመጠኑ መለየት ነበር። አለቃዬ፣ ሁለት መነጽር ደርቦ ስለሚያደርግ ከኋላው «አራት ዓይናው» የምንለው ሰውዬ፣ የደንበኛ ዕቃ አያስከፍተኝም ነበር። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ጠንቃቃ ነው፣ ጠንቃቃ ደግሞ ጀማሪ ሲያይ ያመዋል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጡረታ የወጡ አንዲት አዋላጅ አሮጌ ኮምፒውተር በአንሶላ ጠቅልለው ገቡ። አያያዛቸው አራስ ልጅ የታቀፉ ነው የሚመስለው። ማሽኑ የሟች ባለቤታቸው ነው። የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ ከሥራ ሲመለሱ ግማሽ ሰዓት ከማሽኑ ፊት ሳይቀመጡ ራት አይቀርቡም ነበር አሉ። እዚያ ምን እንደሚያደርጉ አዋላጇ አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም። «ሰው ለራሱ አንዲት ጓዳ ያስፈልገዋል ብዬ ተውኩት» አሉን። አሁን ግን ጓዳውን ከፍቶ ማየት አማራቸው።

አለቃዬ ማሽኑን ቢያበራው ውስጡ እንደ በሽተኛ አቃሰተ። ዲስኩ አልቆለታል፣ ይጣል አለ። እኔ ምላሴን ሳልሰበስብ «እስቲ እኔ ልሞክረው» ብዬ ቁጭ! አለቃዬ ከላይ እስከ ታች ሲያየኝ አዋላጇ ጣልቃ ገቡና «ልጅቱ ትሞክረው፤ የሞተ ነገር ከዚህ በላይ አይሞትም» አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ ትንሽ በትንሽ እያባበልኩ፣ ሲግል እያሳረፍኩ፣ ያለውን ሁሉ ወደ ጤነኛ ዲስክ አዛወርኩት።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ስከፍተው ምን ባይ ጥሩ ነው? በሰረዝ የተሠራ ግድግዳ፣ በነጥብ የተሠራ ወለል፣ መካከሉ ላይ ጀግና ብለን የምናንቀሳቅሳት ያቺ የምናውቃት ምልክት ቆማለች። ጮህኩ! አለቃዬ ኤሌክትሪክ የያዘኝ መስሎት ሶኬቱን ነቀለው።

ያ ጨዋታችን ነው፣ ጋሼ! ቅዳሜ ከሰዓት አባባ ጥበቃ በሆነበት መሥሪያ ቤት ጸሐፊዋ ስትፈቅድልን አንተ ቁልፉን ትነካለህ፣ እኔ ከጎንህ ቆሜ የሕይወታችንን ቁጥር እጠብቃለሁ። ጀግናችን ከአንዱ ምድር ቤት ወደ ሌላው እየወረደ ጭራቅ ይገድላል። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው፤ ጭራቁ ሁሉ አንድ አንድ ፊደል ነበር። እኛ ግን ፊደሏን ስናይ ላብ ያጠምቀን ነበር። ከዘንዶው ይልቅ የሚያስፈራን ያ ጥጃ የሚያክለው ጢንዚዛ ነው። በሁለት ቀንዱ ዳሰስ ካደረገን ሰይፉም የብረት ልብሱም ዝገት ሆኖ ይረግፋል። ሥጋ በል ካለ ብረት በልም አለ ብለህ ስም ያወጣህለት አንተ ነህ። ሦስት ጊዜ ራቁታችንን አስቀርቶ ገደለን። በአራተኛው ግን ተናደድክና «እንግዲያው ምን ትበላ!» ብለህ የብረት ልብሱን ራስህ አውልቀህ ጣልክ፣ በእንጨት ዱላም ቀጠቀጥከው። ያን ቀን በዓለም ላይ እንደ አንተ ያለ ብልህ ያለ አልመሰለኝም ነበር።

ሐሙስ አዋላጇ መጡ። ወደ ኮምፒውተሩ መስታወት ጠጋ ብለው የታችኛውን መስመር አነበቡ። የጀግናዋ ስም በላቲን ፊደል ተጽፏል፤ «ድምቡሼ» ይላል። ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ይቺ እኮ እኔ ነኝ» አሉ። ከባለቤታቸው በቀር በዚህ ስም የጠራቸው ሰው የለም፤ እሳቸውም ቢሆኑ በር ተዘግቶ ነው። «ለካ በየምሽቱ ይዞኝ ነበር የሚዞረው» ብለው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። እኔና አለቃዬ ብሎን የጠፋን መስለን ጠረጴዛው ሥር አጎነበስን።

ድምቡሼ የቆመችው አሥራ አንደኛው ምድር ቤት ውስጥ ነው። ከሕይወቷ ቁጥር የቀራት ዘጠኝ። ከፊቷ የተከፈተ በር፣ ከበሩ ባሻገር ሦስት እርምጃ ላይ ብረት በል! ሹፌሩ እዚያ ላይ አቁመው ነው በማግስቱ የታመሙት። ሕጉን ታውቀዋለህ፤ አንዴ የሞተ ሞተ፣ ማሽኑ ራሱ ይሰርዘዋል። አለቃዬ ቅጂ እናስቀርና ብትሞት እንመልሳት አለ። አዋላጇ ግን እሺ አላሉም። «እሱ በካርታ እንኳ ከሚያጭበረብር ሰው ጋር አይቀመጥም ነበር። አንዴ ነው፤ እሱንም አንቺ ትሞክሪልኛለሽ» አሉኝ። ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያ ልብሷን እናውልቅ አልኳቸው። «ምነው ልጄ፣ በስተርጅናዬ ሰው ፊት ልታስወልቂኝ?» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ያን ጊዜ ስለ አንተ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ወንድምሽ እንዳደረገው አድርጊ» አሉ።

የብረት ልብሱ ግን ከባድ ነው፤ ለማውለቅ አምስት ተራ ይፈጃል፣ በእያንዳንዱ ተራ ደግሞ ጭራቁም ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ በቅድሚያ በሩን ዘጋሁት፤ ጢንዚዛ እጅ የለው፣ በር አይከፍትም። ማውለቅ ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። በሦስተኛው ላይ አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ የሆነ ነገር የበሩን ማጠፊያ እየበላ ነው ይላል። ማጠፊያው ብረት መሆኑን እንዴት ልርሳው! አራት። በሩ ወደቀ፣ እሱም ገባ። አምስተኛውን የነካሁት ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ያነበቡልኝ አዋላጇ ናቸው። «ዳሰሰሽ፤ የሚበላው ግን አላገኘም ይላል» አሉኝ።

ዱላውን አነሳሁ። ሳትኩት፤ ነከሰኝ፤ ዘጠኙ ስድስት ሆነ። መታሁት፤ ነከሰኝ፤ ሦስት። ከዚያ በኋላ ጣቴ አልታዘዝ አለኝ፣ ደርቄ ቀረሁ። ይኼኔ አዋላጇ ትከሻዬን ጨብጠው፣ ስንት ምጥ ባለፈበት በዚያ ድምፃቸው «አሁን ማረፍ የለም! ተንፍሺ! ግፊ! ግፊ የኔ ልጅ፣ ደረሰ እኮ!» አሉኝ። ገፋሁ! የጢንዚዛው ፊደል ከነጥቦቹ መካከል ድርግም ብላ ጠፋች። ሞተ!

አለቃዬ ሁለቱንም መነጽር አውልቆ ያጨበጭባል፣ እኔ እዘላለሁ። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ምን ተፈጠረ ብሎ ከነመርፌው ሮጦ ቢመጣ አዋላጇ «ሴት ናት! ሴት!» አሉት። ሰውየው ግራ ገብቶት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎኝ ተመለሰ። ከዚያ አዋላጇ ወንበሩን አስለቀቁኝና፣ በሕይወታቸው ነክተው የማያውቁትን ቁልፍ በአንድ ጣት እየፈለጉ፣ የብረት ልብሱን መልሰው ራሳቸው አለበሷት። ማሽናቸውን ታቅፈው ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው «ለዚያ ወንድምሽ ድምቡሼ አዋለደኝ ብላለች በይልኝ» አሉኝ። ይኸው አድርሻለሁ።

አለቃዬ በማግስቱ ምንም ሳይል ብሩሹን ከእጄ ወስዶ አንድ ደንበኛ ያመጣውን ማሽን ፊቴ አስቀመጠ። ጠረጴዛዬም አሁን መስኮቱ ጋ ነው።

ትናንት አዋላጇ ደወሉልኝ። ማታ ማታ ቤታቸው ሲያጫውቷት ድምቡሼ አሥራ አራተኛው ምድር ቤት ላይ ሞታለች። ዘንዶ ገድሏት መሰለህ? የተበላሸ ሥጋ በልታ ነው! ምን ብዬ ላጽናናቸው ብዬ ስጨነቅ እሳቸው ሳቃቸውን አልቻሉትም። «እሱ ያላየውን ሦስት ምድር ቤት አየሁለት» አሉኝ። ቀጥለውም ከአንደኛው ምድር ቤት እንደገና ሲጀመር ዱላ ይሻላል ወይስ ሰይፍ ብለው ጠየቁኝ።

እማማን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ዓይኗን ካልታየች ግን ደብዳቤ አልጽፍላትም በልልኝ። ባለቤትህን አንተን በመቻሏ አመስግንልኝ። መንታዎቹን ጉንጫቸው እስኪቀላ ሳምልኝ፣ ቀድሞ የተወለደውን አስበልጠህ እንዳትስመው፤ እኔ ሁለቱንም እኩል ነው የምወደው። ታች ቤት ላለችው አክስቴም ሰላምታዬ ይድረሳት። አንተ ደግሞ ዱላ ወይስ ሰይፍ የሚለውን ቶሎ ጻፍልኝ፤ ሴትየዋ መልስ እየጠበቁ ነው።

ታናሽ እህትህ

ከጥገናው ቤት፣ ከመስኮቱ ጠረጴዛ
ዓርብ፣ ኅዳር 14 ቀን