የአልጋ ደረሰኝ

ጥቅምት 4

መደብሩ ጭር ብሎ ዋለ። ሁለት መጋረጃ ብቻ ሸጥኩ። ማታ የኔ ሰውዬ ከመስክ ተመለሰ። ሹፌር አይደል፣ ቀያሾቹን አድርሶ፣ ሥራቸውን እስኪጨርሱ እዚያው ከርሞ መመለስ ነው። የውሎ አበሉን እንደ ወትሮው እጄ ላይ አኖረው... ሳሳብኝ። ምነው ብለው፣ ግብር ቆረጡበት አለና እግሩን ሊታጠብ ገባ።

ከመቼ ወዲህ ነው አበል ግብር የሚቆረጥበት? ወይስ መንገድ ላይ የምትቆርጥበት አለች?

ጥቅምት 5

አንገቱ አልዞር ብሎታል። ቅባት እያሸሁለት፣ «የማን ትራስ ነው እንዲህ ያጣመመህ?» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ማለቴ... ትንሽ ስቄያለሁ።

ጥቅምት 7

አላስቻለኝም። በምሳ ሰዓቴ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ገንዘብ ቤት ያለችው ልጅ ናት፣ በስልክ «ጋሼዬ» ስትለው የሰማኋት። የጥፍሯን ርዝመት ላየ ሰው... በዚያ ጥፍር ብር እንዴት እንደምትቆጥር እንጃላት። «ምን ልታዘዝ፣ እማማ?» አለችኝ። እማማ። እኔን። በስምንት ዓመት የሚበልጠኝ ሰው ጋሼዬ፣ እኔ እማማ።

ዋጥ አድርጌ ጠየቅኩ። ማስረዳቱን ታውቅበታለች፣ አልዋሽም። አበል እስከ አንድ ልክ ድረስ ግብር አይነካውም። ከዚያ በላይ ያለው የአልጋ ነው፤ ደረሰኝ ከመጣ ነፃ፣ ካልመጣ እንደ ደሞዝ ተቆጥሮ ግብር ይቆረጥበታል። ድሮ ዝም ብለው ያልፉት ነበር፣ ከዚህ ወር ወዲህ ጠበቅ ብሏል።

«ሌሎቹ ሁሉ ያመጣሉ። ጋሼ ብቻ ናቸው አምጥተው የማያውቁት።»

አምጥቶ አያውቅም... ታዲያ የት ነው የሚያድረው? ደረሰኝ የሌለው አልጋ የማን አልጋ ነው?

እስከ መደብሩ በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱን አላየሁትም።

ጥቅምት 8

እህቴ ጋ ደወልኩ። ብልህ ሴት አትጮህም፣ ዝም ብላ ታያለች አለችኝ። እሷ ምን አለባት፣ ባሏ ከደጃፍ አይርቅ። በሷም ቀናሁ።

ጥቅምት 11

አፋጠጥኩት። የት ነው የምታድረው? ሥራ ቦታ። ሥራ ቦታ አልጋ አለ? ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ሳበ። ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ... እንቅልፍ ግን ከየት ይምጣ።

ጥቅምት 14

ከሚያደርሳቸው ቀያሾች አንዱ ሱቅ መጣ፣ ሚስቱ መጋረጃ ግዛ ብላ ልካው። ሰላምታውን ሳልጨርስ የኔ ሰውዬ መስክ ላይ የት እንደሚያድር ጠየቅኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«አይ እትዬ... እንዳትነግራት ብሎኝ ነበር። መኪናው ውስጥ ነው። ‹ለአንድ ሌሊት ጣራ ያን ሁሉ ብር? ቤቴ ይግባ› ይለናል። ብንለምነው፣ ብንለምነው እምቢ።»

ያ ቁመት። ያ ትከሻ። የኋላ ወንበር ላይ ተጣጥፎ... እኔ እዚህ በመኪና ስቀና ከረምኩ።

ለቀያሹ አንድ ክንድ ጨርቅ ጨምሬ ቆረጥኩለት። ባለ መደብሩ ከፈለገ ይቆጣ።

ጥቅምት 15

እንዳወቅኩ ነገርኩት። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰላይም ሆንሽ?» አለ። ካተረፍከው ላይ ግብር ወሰደ፣ የቀረውን አንገትህ ወሰደው፣ ምን ተረፈህ አልኩት። አንገቱን እያሸ፣

«ብቻዬን አልጋ ተከራይቼ ምን ልሠራ?»

ይሄን ብሎ መሬት መሬቱን ያያል። በዚህ ዕድሜው... ሳቄን ለመደበቅ ወጥ ላማስል ተነሳሁ። ወጡ እኮ ከወጣ ቆይቷል።

ጥቅምት 23

ከቤት ርቄ ነው የምጽፈው። ፈቃድ ወስጄ እሱ መስክ የወጣበት ከተማ መጣሁ። እሱ በመሥሪያ ቤቱ መኪና፣ እኔ በአውቶቡስ። የሆቴሉ ክፍል ጠባብ ነው፣ አልጋው ይንቋቋል፣ መጋረጃው ደግሞ... እኔ ብሆን ለጠላቴም አልሸጠው። ገና ራት ሳንበላ እጅ እግሩን ዘርግቶ ያንኮራፋል።

ቅድም ስንገባ እንግዳ ተቀባዩ ደረሰኙን ሲጽፍ፣ የአንድ ሰው ልበለው ወይ፣ ዋጋው እንደሆነ ያው ነው አለ። የኔ ሰውዬ አዎ ሊል አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

«ሁለት ሰው ብለህ ጻፍ፣ ልጄ። በደንብ እንዲነበብ።»

ባለ ጥፍሯ ትመዝግበው።