የሴቶቹ ድንኳን ፎቶዎች

አየር ጤና፣ ኮልፌ ቀራኒዮ
ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

እማዬ፣ የኔ ዓይን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አያቴ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ድኖ ገበያ ድረስ በእግራቸው እየሄዱ መሆኑን አጎቴ ነግሮኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። እኛም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክ የአባባን ስም ባነሳሁ ቁጥር ኔትወርኩ ይቆራረጥብሻል። ወረቀት አይቆራረጥምና እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

የፎቶ ቤታችንን የድሮ ኔጋቲቮች ስካን ማድረግ መጀመሬን ነግሬሽ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ካርቶኖቹን እያወረድኩ፣ አቧራቸውን እየጠረግኩ፣ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ያህል ፎቶ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባሁ። ከዚያ ባለቤቶቹን እያፈላለግኩ፣ የፈቀዱልኝን ብቻ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። ሰው እንዴት እንደወደደው ብታዪ! አንዱ «ይሄ እኮ አባቴ ነው» ይላል፣ ሌላዋ የሟች እህቷን ፎቶ አይታ ደውላ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም መረቀችኝ።

አንድ ቀን ግን ፎቶዎቻችንን ሌላ ሰው ገጽ ላይ አየኋቸው። አሥራ አምስቱን ወስዶ፣ የራሱን ስም ጽፎባቸው፣ «ከግል ስብስቤ» ይላል። ደሜ ፈላ። አጠገባችን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራው ዮርዲ ግን ሳቀችብኝ።

«ሲሃምዬ፣ ስም የሌለውን ነገር ማንም ያነሳዋል። ዋተርማርክ አድርጊበታ!»

«ሁለት ሺህ ፎቶ ላይ ስም ስጽፍ ላርጅልሽ?»

«አንድ በአንድ ማን አለሽ?»

እዚያው ቁጭ ብላ ነፃ ፕሮግራም አውርዳ ጫነችልኝ። እማ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ፎቶዎቹን በሙሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ትከቻለሽ። ስሙን አንዴ ብቻ ትጽፊያለሽ፣ የት ጥግ እንደሚያርፍና ምን ያህል እንደሚደምቅ ትመርጫለሽ፣ ከዚያ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ስም ያረፈባቸው ለብቻቸው ይቀመጣሉ፣ ዋናዎቹ አይነኩም። የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን ጉድ ነበር። «ኑሕ ፎቶ ቤት» የሚለው ገዝፎ በሰዉ ሁሉ ፊት ላይ ተጋደመ። አንድ ሙሽራ አፍንጫው ሥር «ፎቶ» የሚል ጺም አብቅሎ ቁጭ! ዮርዲ ሆዷን ይዛ ስትስቅ ደንበኞቿ ምን ሆነች ብለው መጡ። በኋላ አሳንሰን፣ አደብዝዘን፣ ወደ ታች ወደ ቀኝ ጥግ ወሰድነው። አማረ። ሁሉንም እንደ አዲስ ለጠፍኳቸው።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ሸምሲያ ከዓለም ባንክ ሰፈር ድረስ መጡ። በ1988 ያገቡት፣ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱት። ሂና የተቀባ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተጣጥፎ የሚታይበትን ፎቶ ነበር የለጠፍኩላቸው። ስልካቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና፣

«ይሄን ማን አነሳው?» አሉኝ።

«አባባ ነዋ! ስሙ አለበት እኮ።»

«ልጄ፣ ይሄ የሴቶች ድንኳን ነው። አባትሽ ብቅ ቢል ኖሮ በጫማ ነበር የምናባርረው። እናትሽ ናት ያነሳችኝ። እጄ ሲንቀጠቀጥ አይታ ካሜራውን አስቀመጠችና እጄን ይዛ አብራኝ ተቀመጠች። ሲረጋጋልኝ ነው ያነሳችኝ።»

እማ፣ ምን ልበልሽ። ልጅ ሆኜ ሰርግ ስትሄዱ ካሜራውን ነጠላሽ ሥር ይዘሽ ስትወጪ አይቻለሁ። «እማማ አባባን ልታግዝ ሄደች» ነበር የምንለው። ያ ሰውዬ የሰረቀው አሥራ አምስት ፎቶ ነው። እኔ ግን በአንድ ቁልፍ ስንቱን ፎቶሽን ለሌላ ሰው ሰጠሁት?

አባባ በር ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«አባባ፣ የሴቶቹን ድንኳን ማን ነበር የሚያነሳው?»

«ካሜራው የኔ ነው» አለ።

«ስለ ካሜራው አልጠየቅኩህም።»

«ፎቶ ቤቱም የኔ ነው።»

«አባባ!»

መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ከዚያ ወንበሩን ተሸክሞ ገባና ኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀመጠው። «ክፈቺ» አለኝ።

ሦስት ቀን ፈጀብን። አንድ በአንድ ያያል። «ይሄ የኔ። ይሄ የእሷ። ይሄም የእሷ። እናትሽ ሁሌ ከሰዎቹ እኩል ቁጭ ብላ ነው የምታነሳው፣ እኔ ቆሜ ነው።» ለካ የሴቶቹ ድንኳን ብቻ አይደለም! የዒድ ቀን ልጆቹም፣ የፋብሪካ ሠራተኞቹም፣ ሌላ ሌላውም። ከዚያ ያ መስኮታችን ላይ ለዓመታት የተሰቀለው ፎቶ መጣ፣ ልጅቷ ከዝናብ በኋላ ቦዩን ስትዘል። የሰፈሩ ሰው ለአባባ የምስክር ወረቀት የሰጠው በእሱ ነው፣ መድረክ ላይ ወጥቶ «ሠላሳ አምስት ዓመት ብቻዬን ለፋሁ» ያለ ቀን። በሳምንቱ ነው አንቺ አያቴን ላስታምም ብለሽ የሄድሽው። እኔ ምንም አልልም።

አባባ ፎቶውን ብዙ አየው። «ይሄም የእሷ ነው» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ያን ቀን አሞኝ ተኝቼ ነበር።»

ስድስት መቶ አሥራ አንድ ሆኑ። ለብቻቸው ፎልደር ከፈትኩላቸው።

«ምን ብዬ ልጻፍ? ራህማ፣ የኑሕ ባለቤት?»

«እኔ እዚያ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ራህማ ከማል ብለሽ ጻፊ።»

ቁልፉን እሱ እንዲጫነው ተነሳሁለት። በአንድ ጣቱ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ፎቶ እንደሚያነሳ ሰው ቀስ አድርጎ ተጫነው። አራት ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሲያልቅ እየከፈተ ስምሽ በትክክል መውጣቱን አየ፣ አንድም ሳይዘል። ከዚያ የምንለጥፈውን ጽሑፍ ራሱ አጻፈኝ፦ «እስከ ዛሬ በእኔ ስም ስታዩዋቸው የኖራችሁት እነዚህ ፎቶዎች የራህማ ከማል ሥራ ናቸው። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ኑሕ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። ስንት ሴት «እኔንም እሷ ናት ያነሳችኝ» እያለች እንደምትጽፍ ብታዪ! ያ ሰውዬም ፎቶዎቹን ከገጹ ላይ አጥፍቷል። ይቅርታ አልጠየቀም፣ እኔም አልጠበቅኩም። እትዬ ሸምሲያ ደግሞ ተመልሰው መጡ። ልጃቸውን በኅዳር ሊድሩ ነው። «እኔን ያነሳች እጅ ልጄንም ታንሳልኝ» ብለዋል። እኔ አለሁ ብላቸው፣ «አንቺ ከእናትሽ ጎን ቁጭ ብለሽ ተማሪ» አሉኝ። አልተከፋሁም እማ፣ እውነታቸውን ነው።

ይሄን ደብዳቤ በሹፌር እጅ ልልክልሽ ነበር። አባባ «ሹፌር ይጥለዋል፣ እኔ አደርሰዋለሁ» አለ። መናኸሪያ ሄዶ የቡታጅራ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠይቆ መጣ። ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ፣ ኮሌታውን አቃጠለው፣ ሌላ አወጣና ያንንም ተኮሰ። ምን ልትላት ነው ስለው «ደብዳቤ አድራሽ ነኝ» ይለኛል።

አላህ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ፣ እጅሽን ያበርታልኝ። አያቴን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

አንብበሽ እስክትጨርሺ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፣ አውቀዋለሁ። ግባ በዪው።

ልጅሽ
ሲሃም