ቫዝሊን የተቀባ ፍሬን

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ፣ 9 ሰዓት

የብስክሌቴ ካቴና ገና አልጠራም። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየፈገፈግኩ ነው፣ የሚወርደው ውሃ አሁንም ጥቁር። የሰፈራችን የሳውዝ ሲ ጭቃ ጭቃ አይደለም፣ ሙጫ ነው። የጎማው ጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎው ውስጥ ተወትፎ ጎማው አልዞር ሲለኝ ተሸክሜው ገባሁ። ማን ማንን እንደጋለበ አላውቅም።

አሁን በረንዳው ላይ ተገልብጦ ቆሟል። ውሃው ይንጠፍጠፍ። መጀመሪያ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ፀሐይ፣ በመጨረሻ ካቴናው ላይ ዘይት ጠብ ጠብ። እ.በ. (እትዬ በላይነሽ፣ አብረውኝ የሚኖሩት አክስቴ) በር ላይ ቆመው ይታዘቡኛል። ከደረቀ በኋላ ቅባት ካላገኘ ይዝጋል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጋሼ ታደሰ ደወለ። ታላቅ ወንድሜ፣ የዚህ ፍላት ባለቤት፣ የሀብታም ሰፈሩ የኪሌሌሽዋ ጌታ። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው ላንጋታ መንገድ ላይ ጭቃ በጭቃ ሆኜ አይቶኛል አለ። የአርባ ዓመት ሴት፣ በቁምጣ! ሰው ምን ይላል? ያለውን ይበል! ምን ይሉኝ እያልኩ አርባ ዓመት ኖርኩ፣ በቃኝ።

ግንቦት 4፣ ሰኞ፣ ማታ

ወደቅኩ።

ወደ መ/ቤት ስሄድ ነው። ዌስትላንድስ ልደርስ ስል፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ፍሬን ያዝኩ። አልያዘም። ሁለቱም! ከፊቴ ማታቱ፣ የዚህ አገር ሚኒባስ፣ ቆሟል። ወደ ቦዩ አጠፍኩት። ጉልበቴ ተላጠ፣ ክንዴ አብጧል። ተመስገን፣ አለሁ።

ቤት ስገባ የፍሬኑን ዲስክ በጣቴ ነካሁት። ያሙለጨልጫል። አሸተትኩት። ቫዝሊን!

ጉድ እኮ ነው ደብተሬ። እ.በ. ትናንት እኔ ሳልኖር፣ ሕፃን ታጥቦ ሲወጣ እንደሚቀባው፣ ብስክሌቱን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ለቅልቀውታል። ብጠይቃቸው ፊታቸው በራ። ደርቆ አሳዝኗቸው፣ ወዝ እንዲኖረው ብለው ነው። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። የወደቅኩት በዚህ ነው ብዬ እንዴት ልንገራቸው?

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ጋ.ታ. (ጋሼ ታደሰ) መጣ። ክንዴን አየ፣ ፈረደ። ቅዳሜ 4 ሰዓት ብስክሌቱን የሚወስድ ሰው ይዞ ይመጣል። እምቢ ካልኩ ሌላ ቤት ልፈልግ። ፍሬን መያዝ እንኳ የማትችል፣ አለኝ። ይቺ ናት ያቃጠለችኝ! በገዛ ደሞዜ የገዛሁትን! እሱ ብሎ ወንድም!

አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ቫዝሊን ማለት ብቻ። ግን እ.በ. አጠገቡ ተቀምጠዋል፣ የእሱን ጩኸት ደግሞ አውቀዋለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

ከሄደ በኋላ ዲስኩን በስፒሪት መጥረግ ጀመርኩ። እ.በ. ጨርቁን ከእጄ ተቀበሉኝ፣ አሸተቱት። ገባቸው። እኔ ልጥፋልሽ ብለው አለቀሱ። አይዞዎት፣ አልሞትኩም አልኳቸው። ከዚያ አብረን ጠረግን። ጣታቸው ከኔ ይሻላል፣ እውነቱን ለመናገር።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

የፍሬኑን ሸራ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ግቢው ውስጥ ሞከርኩት። ቀጥ! እሰይ!

እ.በ. እራሳቸው ለጋ.ታ. ደወሉለት። ከኩሽና ሆኜ ሰማሁ። የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ልጅቷ አላጠፋችም፣ የምትቆጣ ከሆነ እኔን ተቆጣ አሉት። በሕይወቴ እንዲህ ጮክ ብለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። እሱ ግን ወይ ፍንክች። ቃሉ ቃል ነው፣ ነገም ይመጣል። ነገሩ ፍሬን እንዳልሆነ አሁን ገባኝ። ጭቃዬ ነው ያሳፈረው።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 12 ሰዓት

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። መንገዱ ላቁጥ ነው። ክንዴ ትንሽ ይጠዘጥዘኛል፣ ይጠዝጥዝ።

ብስክሌቱን ጎረቤት ልደብቀው አስቤ ነበር። ኧረ ወግድ! ምን ሰርቄ ነው የምደብቀው? ወስኛለሁ። አሁን እወጣለሁ፣ ጭቃዬን ለብሼ 4 ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። ጋ.ታ. እና ሰውየው ሳሎን ተቀምጠው እያዩ፣ በረንዳው ላይ ረጋ ብዬ አጥበዋለሁ። አደርቀዋለሁ። ዘይቱን ጠብ አደርጋለሁ። ለማንም አልሰጥም። ከዚያ በኋላ ጋ.ታ. ከቤቴ ውጪ ካለኝ እወጣለሁ፣ ንጹሕ ብስክሌቴን እየገፋሁ።

ሻንጣዬን ትናንት አሰናድቼ ኮሪደሩ ላይ አስቀምጫለሁ። አሁን ልወጣ ስል አየሁት፣ ሁለት ሆኗል። ሁለተኛው የእ.በ. ነው። እሳቸውም ነጠላቸውን ለብሰው አጠገቡ ቆመዋል፣ ቶሎ በይ፣ ፀሐይ ሳይወጣ ጭቃው ሳይደርቅ ሂጂ እያሉ።